ግማሽ ለተፈራ፣ ግማሽ ለሰይድ

ለሌላው ሰው የሚቀልጥ ቅቤ ሽታ የእናቱን ቤት ነው የሚያስታውሰው። እኔን ወስዶ የሚጥለኝ አራት ኪሎ፣ ኬሚስትሪ ክፍል፣ ፎቁ ላይ ያለው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ባለፈው ሳምንት ጊዮርጊስን ተሳልሜ ቁልቁል ስወርድ፣ ከፈረሱት ቤቶች መሀል ተርፎ ከቀረው ፉል ቤት ደጃፍ ላይ ያ ሽታ ተቀበለኝና እንደ ልማዴ ቆምኩ። አንድ ጎረምሳ "እማማ፣ ደከመዎት?" ብሎ ጠየቀኝ። ሽታ እያሸተትኩ ነው ብዬ ብነግረው እብድ ናት ስለሚለኝ ጉልበቴን ያዝ አድርጌ "አዎ ልጄ" አልኩት። ለነገሩ ጉልበቴም ያመኛል።

አሁን አሁን ፒያሳ ስመጣ ሰማዩ ይበዛብኛል። ድሮ ሰማይ የምናየው በሁለት ጣሪያ መሀል፣ በእንጨት ሰገነትና በዛገ ቆርቆሮ ተሸንሽኖ ነበር። አሁን መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ደምቋል፣ ልጆች ብስክሌት ይነዱበታል። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። ጉልበቷን የሚያማት ሴት የተስተካከለ ንጣፍ አትጠላም። ችግሬ የማውቃቸው ማዕዘኖች ሲጠፉ ትዝታዬን የማሳርፍበት ቦታ ማጣቴ ነው። የልብስ ሰፊው ደጃፍ ላይ የነበረችው መሀሏ የተበላ ደረጃ፣ ከፎቶ ቤቱ መስኮት ውስጥ ሆነው ዓመት እስከ ዓመት የሚያዩን የማናውቃቸው ሙሽሮች፣ ወደ ዶሮ ማነቂያ መታጠፊያው ላይ ቁጭ ብሎ በአሥር ሳንቲም ጫማ የሚጠርገው አንድ ዓይናው ሰውዬ፣ እነዚህን ሁሉ የማገኛቸው ዓይኔን ስጨፍን ብቻ ሆኗል። መንገድ ላይ ዓይን ጨፍኖ መቆም ደግሞ በእኔ ዕድሜ የሚመከር አይደለም።

ያደግነው እዚሁ ፒያሳ ሥር፣ እሪ በከንቱ ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ወንድሜ ተፈራ ስድስት ዓመት ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነው የምለው። ሰይድ ከወሎ የመጡት ጎረቤቶቻችን ልጅ ነው። በሁለታችን ቤት መሀል የነበረው ግድግዳ ጭቃ ስለነበር እናቶቻችን በቀዳዳው በኩል ጨውና ክብሪት ይቀባበላሉ፤ ወሬም እንዲሁ። ጋሽ ሰይድ ሲያድግ ልብስ ሰፊ ሆነ። ጋሼ ደግሞ ፎቶ ቤት ተቀጥሮ፣ በቀጭን እርሳስ የሰውን ማድያትና ሽብሽብ ከፊልሙ ላይ የሚያጠፋ ባለሙያ ወጣው። በፒያሳ ስንት ሴት ፊት ላይ እርሳሱ እንዳለፈ እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ።

ሁለቱ አንድ ነገር ሲገዙ ለሁለት ነው። ጋሽ ሰይድ ከተራረፈ የሱፍ ጨርቅ አንድ ሙሉ ልብስ ሰፋ፤ ግራጫ፣ ሱሪው እንደ ዘመኑ ከታች የሚሰፋ ቤል ቦተም። ጋሼ ረጅም ነው፣ ጋሽ ሰይድ አጭር፤ ስለዚህ የሱሪው እግር ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ተወለት። ለጁምዓ ታጥፎ ለጋሽ ሰይድ፣ ለእሁድ ተዘርግቶ ለጋሼ ይሆናል። ቅዳሜ ማታ ማጠፊያውን መፍታት የእናቴ ሥራ ነበር። አንድ ሰርግ ላይ ሁለቱም የተጠሩ እንደሆነ ግን አንደኛው ይታመማል። ሲኒማም ሲገቡ በአንድ ትኬት ነው። አንዱ እስከ እረፍት ድረስ ያይና ወጥቶ ትኬቱን ለሌላው ይሰጠዋል፤ ኋላ ደጃፍ ላይ ተገናኝተው አንዱ መጀመሪያውን፣ ሌላው መጨረሻውን ይተራረካሉ። እኔ በልጅነቴ የማውቃቸው የሕንድ ፊልሞች በሙሉ በሁለት ሰው አፍ የተነገሩኝ ናቸው። ጋሽ ሰይድ የተረከው ፊልም በሰርግ ያልቃል፣ ጋሼ የተረከው በለቅሶ። የትኛው ትክክል እንደሆነ እስከ ዛሬ አላጣራሁም።

ያኔ ማኪያቶ በስሙኒ ነው። አንድ ኬክ በሁለት ሹካ አዝዘው፣ እኔን ሲያዩ ሦስተኛ ሹካ ያስመጣሉ። እኔም ከጉልበቴ ከፍ ያለች ቀሚስ ለብሼ፣ ጸጉሬን አበጥሬ አጎፍሬ፣ ሹካዬን ይዤ ዓለም የኔ ናት ብዬ እቀመጣለሁ። የሙዚቃ ቤቶቹ ድምፅ ማጉያዎች ደጃፍ ለደጃፍ እርስ በርስ ይጯጯሃሉ፤ አንዱ ሱቅ የለቀቀው ዘፈን እስከ ቸርችል ጎዳና አፍ ይሸኘንና ከዚያ የሌላው ይቀበለናል። ሁለቱን ጓደኛሞች የሚለያያቸው ሥጋ ብቻ ነበር፤ ጋሼ የክርስቲያን፣ ጋሽ ሰይድ የሙስሊም ሥጋ ስለሚበሉ። ስለዚህ አብረው የሚበሉት ፉል ሆነ። ቅቤ የፈሰሰበት፣ ቃሪያና ሽንኩርት የተከተፈበት አንድ ሳህን ፉል፣ ከሁለት ዳቦ ጋር። ከሥራ በፊት ጠዋት ጠዋት፣ ጎረምሶች ሆነው፣ አባወራ ሆነው፣ ጡረተኛ ሆነውም። ሰፈሩ ሲፈርስ አንዱ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ እነሱ ግን ለዚያች ሳህን ብለው ከሁለት የከተማ ዳር በታክሲ ይመጣሉ።

እኔ ትምህርቱ ቀናኝና አራት ኪሎ ገባሁ፤ ተምሬም እዚያው ቀረሁ። ዘመኑ ነገር የሚጠፋበት ዘመን ነበር፤ ስኳር በቀበሌ፣ ሳሙና በወረፋ፣ ለቤተ ሙከራ የሚሆን ኬሚካል ደግሞ በጸሎት ይገኛል። ፕሮፌሰራችን ብዙ የማይናገሩ፣ ሲናገሩ የሚያስቁ፣ ሲያስቁ ግን ራሳቸው የማይስቁ ሰው ነበሩ። የምንሠራው በፕሮስቴት ካንሰር ላይ ነው። ፕሮስቴት ወንድ ሁሉ ከሽንት ፊኛው በታች ያለችው ትንሽ እጢ ናት። እዚያ የሚወጣው ካንሰር የሚያድገው የወንድን ሆርሞን እየተመገበ ስለሆነ፣ ሐኪሞች መጀመሪያ ሆርሞኑን ያደርቁታል፤ በሽታውም ይከስማል። ከጊዜ በኋላ ግን ብዙውን ጊዜ መልሶ ይነሳል። የጎደለበትን ከሌላ ቦታ ማግኘት፣ አንዳንዴም ራሱ አምርቶ መብላት ይማራል። ያን ጊዜ ሕክምና እንቢ ያለው ይባላል። የእኛ ሐሳብ ሰውነት ሆርሞኑን የሚሠራበትን ኤንዛይም ገብቶ የሚዘጋ ሞለኪውል መሥራት ነበር፤ ቀዳዳው ውስጥ ተሰብሮ እንደሚቀር ቁልፍ።

መነሻችን ቃጫ ነው። በቃጫ ቅጠል ጭማቂ ውስጥ ከሆርሞን ጋር የሚመሳሰል ነገር አለ። እሱን እናነጥራለን፣ አንዱን ጫፉን እንለውጣለን፣ በምትኩ ናይትሮጅን ያለበት ቀለበት እንገጥምለታለን። ለዚያ የምንጠቀምበት ፈሳሽ የሰነበተ ዓሣ ይሸታል። ማታ ትንሿ ሰይቼንቶ ታክሲ ውስጥ ስገባ ሰው መስኮት ይከፍታል። አንዲት እናት እንዲያውም "ልጄ፣ ዓሣ መሸጥሽ ካልቀረ በጊዜ ሽጪው" ብለው መክረውኛል። ሥራው ይኸው ነው፤ አንድ ነገር ይለወጣል፣ ይሞከራል፣ ይጣላል፤ ሌላ ነገር ይለወጣል። የተሳካልን ሲመስለን ጥፍር የማይሞላ ዱቄት በብልቃጥ አድርገን፣ በካንሰር ሴሎች ላይ የሚሞክሩ የፕሮፌሰሩ ወዳጆች ዘንድ ውጭ አገር እንልካለን። መልስ የሚመጣው የላክነውን ከረሳን በኋላ ነው።

አንድ ጊዜ ከዓመት በላይ የደከምኩበትን፣ የምኮራበትን ነጭ ዱቄት ላክን። የመጣው መልስ አንድ መስመር ነበር፤ አልሟሟ ስላለ ሊሞከር አልቻለም። ብልቃጥ ማጠቢያው ጋ ሄጄ አለቀስኩ። ፕሮፌሰሩ መጥተው አጠገቤ ቆሙና "ውሃ ጠልቶ ነው እንጂ ቅቤ ውስጥ ብትጨምሪው ይሟሟ ነበር። ችግሩ ሴሎቹ ፉል አይበሉም" አሉኝ፤ ፈገግም ሳይሉ። እያለቀስኩ ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ ነው ቅቤ ሲሸተኝ ቤተ ሙከራው የሚመጣብኝ። እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። የእኛ ዱቄትም መድኃኒት ሳይሆን ቀረ። ከዚያው ዘር የሆነ፣ የእኛ ዱቄት የአጎት ልጅ የምለው ሞለኪውል ግን በሌላ አገር፣ በሌሎች እጅ መድኃኒት ሆነ። ስሰማ አልቀናሁም ብል ውሸት ነው። መጀመሪያ ቀናሁ፣ ቀጥሎ ደስ አለኝ።

በቤታችን ግን ሥራዬ በስሙ ተጠርቶ አያውቅም። ጋሼ ለእንግዳ ሲያስተዋውቀኝ "እህቴ መድኃኒት ትመራመራለች" ይላል፤ የምን መድኃኒት ሲሉት "የተለያየ" ብሎ ወሬ ይለውጣል። በሽታው ያለበት ቦታ በእህት ፊት የሚጠራ አይደለም። እኔም ለምጄው፣ አራት ኪሎ ላይ በግልጽ የምናገረውን ቃል እሪ በከንቱ ስደርስ ከጋዋኔ ጋር አወልቀው ነበር።

ካቻምና ከፋሲካ በኋላ ነው። ጊዮርጊስ በር ታክሲ ስጠብቅ ጋሽ ሰይድን አየሁት። ኮቱን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ፣ ሰው እንዳያየው እንደሚፈልግ ሆኖ ይሄዳል። በአንድ ግቢ ስላደግን ከእሱ ጋር አንተና አንቺ ነን። ስጠራው ደነገጠ፤ ከዚያ ክንዴን ይዞ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደኝ።

"እታለም፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። ተፈራ ከሰማ ይቀየመኛል፤ ግን ከዚህ በላይ መያዝ አልቻልኩም።"

"ጋሼ ምን ሆነ?"

"ሁለታችንም ሆነናል" አለኝ።

ቀስ እያለ፣ ዓይኔን ሳያይ ነገረኝ። ያ እኔ ዘመኔን የጨረስኩበት በሽታ መጀመሪያ ጋሼን፣ ቀጥሎ እሱን ይዟቸዋል። ሆርሞን የሚያደርቀው መርፌ ለጥቂት ዓመታት ሠርቶላቸው፣ ኋላ ለሁለቱም እንቢ አለ። ሐኪሙ ለጋሼ የሚዋጥ መድኃኒት አዘዘ። እዚህ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ለሥራዋ ውጭ የምትመላለሰው የጋሼ ልጅ ታመጣለታለች፤ የምታመጣው ለአንድ ሰው የሚበቃ ነው። ጋሽ ሰይድ የሚያመጣለት የለውም።

"ተፈራ ምን አለኝ መሰለሽ። በቀን አራት ፍሬ ነው ያለኝ፣ ሁለት ለእኔ ሁለት ለአንተ አለኝ።"

"ሐኪሙ ያውቃል?"

"ሐኪሙ ከየት ያውቃል?"

"እና እንዴት ሆናችሁ?"

"ከዓምናው ፋሲካ በኋላ ጀምረን እስከ ዘንድሮው ጾም ሠራልን። በደም ምርመራ በሽታውን የሚለኩበት ቁጥር ለሁለታችንም ወረደ። አሁን ከፋሲካ በኋላ ስንታይ የእኔ እንዳለ ነው፤ የእሱ ግን ወጣ። ብዙ ወጣ።" ኮቱን ገለጥ አድርጎ የመድኃኒት ጠርሙስ አሳየኝ። "ትናንት ይሄን ከነክዳኑ ሰጠኝ። 'እኔን እንቢ ብሎኛል፤ አንተን ከተስማማህ ሙሉውን ዋጠው' አለኝ። እንዴት ብዬ ነው እኔ ይሄን የምውጠው?"

ጠርሙሱን ተቀብዬ አነበብኩት። የአጎት ልጁ ነበር። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ደረሰብኝ፤ ወንድሜ ሊሞት መሆኑን ከሰው ሁሉ በኋላ መስማቴ፣ ሊያድነው የሚሞክረው ነገር ደግሞ በእጄ አገላብጬ የማውቀው ዘር መሆኑ። እንባዬ መጣ። ጋሽ ሰይድ የተቆጣሁት መስሎት ጫማውን ያይ ጀመር። እኔ ግን አልቅሼ ስጨርስ የምጠይቀው ነገር ነበረኝ፤ ለውጡ የት ላይ ነው? አንድ ዓይነት መድኃኒት፣ አንድ ዓይነት መጠን፣ አንዱ ላይ ሠርቶ ሌላው ላይ ሲቀር ልዩነቱን መፈለግ የእድሜ ልክ ልማዴ ነው።

"በስንት ሰዓት ነው የምትውጡት?"

"ጠዋት ነዋ፣ ከፉላችን ጋር።"

"በባዶ ሆድ ይዋጥ ይላል እኮ እዚህ ላይ።"

"ማን ያነበዋል? የምንገናኘው ፉል ቤት፣ የምንካፈለው እዚያ።"

"በጾሙስ?"

"በጾሙማ ፍሬውን አስቀድመን ተካፍለን፣ ጠዋት አልተገናኘንም። የእናንተ ሁዳዴና የእኛ ረመዳን ገጠመ። እኔ በሱሑር፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ገንፎዬን በቅቤ በልቼ እውጣለሁ፤ ረመዳን ካለቀ በኋላም ፉሉን ብቻዬን እበላ ነበር። ተፈራ ሌላውን ጾም በሕመሙ ምክንያት ቢተውም፣ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም። መድኃኒት ጾም አይሽርም ብሎ ከኪዳን ሲመለስ በአንድ ጉንጭ ጸበል ይውጠዋል።"

የፕሮፌሰሩ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ይህ ዘር ውሃ ይጠላል፣ ቅባት ይወዳል። በባዶ ሆድ ሲዋጥ አብዛኛው ሳይገባ ያልፋል፤ ቅባት ካለበት ምግብ ጋር ሲሆን ወደ ደም የሚገባው ብዙ እጥፍ ይሆናል። የሠሩት ሰዎች የሰው ቁርስ በየቀኑ ስለሚለያይ፣ ሁሉም እኩል እንዲሆን መጠኑን አብዝተው በባዶ ሆድ አሉ። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ግማሹን በቅቤ ፉል እየዋጡ ሳያውቁት ሙሉ ወስደዋል። ጋሼ ሁዳዴ ሲገባ ትእዛዙን ሳያውቅ አከበረ፤ ግማሹን፣ በባዶ ሆድ፣ በጸበል። መድኃኒቱ እንቢ አላለውም፤ ውስጡ አልገባም ነበር እንጂ። ቢያንስ ግምቴ ያ ነበር። የሚያምር ግምት ይዤ ቤተ ሙከራ ገብቼ ባዶ እጄን የወጣሁበት ቀን ስለበዛ፣ ለጋሽ ሰይድ አይዞህ ለማለት አልደፈርኩም።

በዚያው ጋሼ ቤት ሄድኩ። ሲያየኝ ገባው።

"ሰይድ አፉ አያርፍም" አለ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ? እህቴ አይደለሽ?"

"ጋሼ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት በዚህ ላይ ነው።"

"አውቃለሁ። የሌላ ሰው ሲሆን ሥራሽ ነው። የኔ ሲሆን ግን ገላዬ ነው" አለና ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ።

ተቆጣሁ። በሕይወቴ ጋሼን ስቆጣ ያ የመጀመሪያዬ ነው። "ሞተህ ለቀስተኛ ምን ገደለው ሲለኝ ምን ልል ነበር? የተለያየ ልበል?" አልኩት። ሳያስበው ሳቀ። ሲስቅ ነው መክሳቱን ልብ ያልኩት፤ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ዞሮ ይተርፋል። የቅቤውን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳሁት።

"እና ጾሜ ነው የጎዳኝ ልትይኝ ነው?"

"ጾምህ አይደለም፤ ሰዓቱ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ስትበላ ብትውጠው ዘይት የገባበት ወጥም ይበቃው ነበር።"

"ከተሳሳትሽስ?"

"ከተሳሳትኩ ጠርሙሱን መልሰህ ለጋሽ ሰይድ ትሰጣለህ። እስከዚያ ግን ያንተ ነው።"

በማግስቱ ሁለቱን ይዤ ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። ልጅ እግር ነው፤ ሲሰማን እስክሪብቶውን አስቀመጠና ተራ በተራ አየን። "አባቶቼ፣ ይህን ማን አዘዘላችሁ?" አለ። ጋሼ "ማንም አላዘዘን፤ ተካፍለን ነው" አለው። ሐኪሙ ጉበታቸውን፣ ደም ግፊታቸውን፣ ሁሉንም እንደገና እንመረምራለን አለ። ከቅባት ጋር ሲሆን መጠኑ ሳይታወቅ ሊበዛ፣ ሊጎዳም እንደሚችል፣ እስካሁን የዳኑት በእድል መሆኑን ሳይለሳለስ ነገራቸው። ምርመራው ደህና ሲሆን ግን በእሱ ክትትል፣ በየወሩ እየታዩ፣ ያንኑ ግማሽ ከምግብ ጋር እንዲቀጥሉ ፈቀደ። "እባካችሁ፣ ይህን ለሌላ ሰው እንዳትነግሩ" ሲላቸው ጋሽ ሰይድ "ለማን እንነግራለን? ለእህቱ እንኳ አልነገርንም" አለው።

የጋሼ ቁጥር ወረደ። ውጤቱን የሰማሁ ቀን ከእነሱ ጋር ፉል በላሁ፤ ከኬኩ ዘመን ወዲህ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ እኔም ጠረጴዛው ላይ ወንበር አገኘሁ። አፋቸው ተፈትቶ ስለ ሽንታቸው እንደ አየር ጠባይ ያወሩልኛል፤ አንዳንዴ ያን የድሮውን ዝምታ እስክናፍቅ ድረስ። ዓምና ሁለቱ ጾሞች እንደገና ሲገጥሙ፣ ጋሼ ዘጠኝ ሰዓት አልበላም ብሎ የጋሽ ሰይድን ማፍጠሪያ ጠበቀ። ረመዳን አልቆ ሁዳዴ ሲቀር ደግሞ ጋሽ ሰይድ ጾም ሳይኖርበት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሆዱን ባዶውን ዋለ። አብረው ካልዋጡት የማይሠራ ይመስላቸው ነበር። በኬሚስትሪው እንደዚያ አይደለም ብዬ ነገርኳቸው፤ የሰማኝ የለም።

ዘንድሮ ከገና በኋላ የጋሽ ሰይድ ቁጥር መውጣት ጀመረ። ብቻውን መጥቶ ነገረኝ። ቅቤውን ጠየቅኩ፣ ሰዓቱን ጠየቅኩ፣ የቀረ ቀን እንዳለ ጠየቅኩ። ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ሐኪሙም ደግሞ ደጋግሞ አየው። ይሄኛውን አውቀዋለሁ፤ በሽታው ራሱን ለውጧል፣ ቁልፉ የሚገባበት ቀዳዳ አሁን ሌላ ነው። ይህንንም የሚያሸንፍ ነገር የሚፈልጉ ልጆች አሉ። ባለፈው አራት ኪሎ ሄጄ አይቻቸዋለሁ፤ ጎበዞች ናቸው፣ ከእኛ የተሻለ ዕቃ አላቸው፣ ያ የዓሣ ሽታም አልቀረላቸውም። ግን ጊዜ ይፈልጋሉ። ጋሽ ሰይድ ጊዜ የለውም። ሐኪሙ ክኒኑን አስትቶ በደም ሥር የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት ጀመረለት።

"ለተፈራ እንዳትነግሪው" አለኝ።

"ይሄን አልችልም ጋሽ ሰይድ። እሱን በዚሁ ነገር ተቆጥቼዋለሁ እኮ።"

"ከነገርሽው ምን እንደሚያደርግ ታውቂዋለሽ። ሰይድ ካልዋጠ እኔም አልውጥም ይላል። ግትርነቱን አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ?"

እውነቱን ነው።

"ያካፍለኝ" አለኝ። "እኔ እቀበለዋለሁ። አንቺ መልሺለት።"

ይኸው እንግዲህ ጠዋት ጠዋት ጋሼ ሁለቱን ፍሬ ወደ ጋሽ ሰይድ ይገፋል። ጋሽ ሰይድ ወደ አፉ ይወስዳል፣ ውሃውን ይጠጣል፣ ራሱን ወደ ኋላ ቀና ያደርጋል። ስልሳ ዓመት መርፌ የያዘ እጅ ነው፤ የት እንደሚሰውራቸው እያየሁት እንኳ አላይም። ታክሲ ተራው ጋ ስንደርስ በሶፍት ጠቅልሎ እጄ ላይ ያኖራቸዋል። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሼ ቤት ስሄድ፣ እሱ ሻይ ሊያፈላ ሲነሳ ጠርሙሱ ውስጥ እመልሳቸዋለሁ። ጋሽ ሰይድ እየከሳ ነው። ለጋሼ ስኳር ይዞኛል ብሎታል፤ ጋሼም ሻዩን ያለ ስኳር ያዝለታል። ይህን ምስጢር በቦርሳዬ ይዤ ስሄድ ደስ አይለኝም፤ ልቤ ይከብደኛል። ግን ሁለቱን ሳያቸው ሌላ መንገድም አይታየኝም።

ትናንት ጋሼ ቤት ሄጄ እንደ ልማዴ ፍሬዎቹን ከመለስኩ በኋላ፣ ሻዩን ይዞ ሲመለስ ጠርሙሱን አነሳና ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርጎ አየው። ነቀነቀው።

"ይሄ ነገር አያልቅም እንዴ? ልጄ ካመጣችልኝ እኮ ቆየች።"

"አብዝታ አምጥታ ይሆናል" አልኩት።

"አይደለም።" ጠርሙሱን ቦታው መለሰና አጠገቤ ተቀመጠ። "ለሁለት ስለተካፈልነው እግዜር አይቶ ነው ያበረከተው። ሰይድ ሰሞኑን ፊቱ ጥሩ አይደለም፤ ያልቅብናል ብሎ ሳይሰጋ አልቀረም። ስታገኚው ንገሪልኝ፤ አይስጋ በይው፣ ለሁለታችንም ይበቃል።"

"እነግረዋለሁ ጋሼ" አልኩት።